«ያንተው ታሪክ ነው» ብለሽ የላክሽው ፊልም

የደረሰን ደብዳቤ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የ36 ዓመት ሴት ስትሆን የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ67 ዓመት አባቷ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እናቷ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አባቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለ31 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ከስምንት ወር ወዲህ በሰፈራቸው ካፌ ከምትሠራ የ28 ዓመት ሴት ጋር ተቀራርበው እስካሁን 190,000 ብር ሰጥተዋታል። የመጀመሪያው ለቤት ኪራይ የጎደለ 4,000 ብር ነበር፤ የመጨረሻው «ለወንድሟ መነገጃ» የተባለ 85,000 ብር ነው። ጠያቂያችን አባቷ እንዲነቁላት ብላ «ስካርሌት ስትሪት» የተባለውን የድሮ ፊልም በቴሌግራም ላከችላቸው፤ «አባዬ፣ እየው፤ ያንተው ታሪክ ነው» ብላም ጻፈችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን አያነሡም። «እንዲህ ግልጥ ያለውን ነገር ማየት ለምን አቃተው? እንዴት ላሳየው?» ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ስለ ሴትዮዋ ባለሽ ጥርጣሬ አልከራከርሽም። በስምንት ወር ሃያ እጥፍ ያደገ ጥያቄ፣ «ዛሬ ካልሆነ» የሚል ጥድፊያ፣ «ለልጆችህ እንዳትነግር» የሚል አደራ፣ ብሩን መጥቶ የሚወስድ «ወንድም»፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲገጥሙ መጠራጠር ተገቢ ነው። በፊልሙም ሰውየውን የምታታልለው ወጣት፣ ኪቲ፣ የራሷን ፍቅረኛ የጓደኛዋ ወዳጅ አድርጋ ነው የምታስተዋውቀው። ምናልባት ልክ ነሽ። ልክ መሆንሽ ግን አባትሽን አልመለሳቸውም፤ እንዲያውም አራቃቸው። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ፊልሙን አንቺው ካነሣሽው እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። ፍሪትዝ ላንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ የፊልም ሰዎች «ፊልም ኗር» ከሚሏቸው ጨለምተኛ የወንጀል ፊልሞች አንዱ። ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን የሚጫወተው ክሪስ ክሮስ የኒው ዮርክ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ከአባትሽ ጋር ያመሳሰልሽውም በዚህ ይመስለኛል። አንቺ ለአባትሽ ያሳየሻቸው የኪቲን ማታለልና ክሪስ ለእሷ ሲል የፈጸመውን ስርቆት ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ዘለልሽው። ክሪስ ለ25 ዓመት አገልግሎቱ የወርቅ ሰዓት ይሸለማል። አለቃው ከግብዣው ቶሎ ወጥቶ መኪና ውስጥ ወደምትጠብቀው ወጣት ሴት ሲሄድ ክሪስ በመስኮት ያየዋል። በእንዲህ ያለች ሴት መወደድ ምን ዓይነት ስሜት ይሆን እያለ ለባልደረባው ያወራል፤ እሱን በወጣትነቱም ቢሆን እንደዚያ ያየው ሰው የለም። ቤቱ ሲገባ ግድግዳው ላይ የሚስቱ የቀድሞ ባል ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የራሱን ሥዕሎች የሚሥለው እሑድ እሑድ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሚስቱ እጥላቸዋለሁ እያለች ትዝትበታለች።

ኪቲ ያገኘችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ትልቅ ሠዓሊ መሰላት፤ እሱም ገንዘብ ያዥ ነኝ ብሎ አላረማትም። ስለ ሥዕሉ ማን ጠይቆት ያውቃል? በዚያች ማታ ክሪስን የማረከው የኪቲ መልክ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በእሷ ዓይን ውስጥ ያየው ያ ሌላው ክሪስ ነው፣ የሚደመጠው፣ ቁም ነገር ያለው። ሰው እንዲህ ሲወድ ያቺን ሴት መተው ማለት ወደ መታጠቢያ ቤቱ መመለስ ይሆንበታል። ማስረጃ ብትደረድሪለት አይሰማሽም፤ ያጣው ነገር ማስረጃ አልነበረማ።

አሁን ወደ መጨረሻው እንምጣ፤ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ክሪስ ኪቲንና ፍቅረኛዋን አብረው ሆነው በዓይኑ አየ። መታለሉን አወቀ። ግን ተመልሶ መጣ፤ ይቅር ብሏት፣ አግቢኝ ሊላት። ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ስትንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎት «አታልቅሺ» ይላታል። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር። «ሽማግሌ፣ አስቀያሚ» አለችው። ገንዘብ ያዡ ነፍስ ያጠፋው ያኔ ነው። ውሸቱን ችሎት ነበር፤ ሳቁን መቻል ግን አቃተው።

ደብዳቤሽ ሁለተኛ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ለፋሲካ ከወንድሞቼ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ‹ሙሽራው እንዴት ነው?› ብለን ስንስቅ ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ።» አንድ መስመር ብቻ ጽፈሽ አልፈሽዋል። ከፋሲካ በኋላ ነው 85,000 ብሩ የወጣው፤ ቀኖቹን የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። ለ31 ዓመት ሳንቲም ሳያጎድሉ ሒሳብ የዘጉ ሰው «ተታለልኩ» ለማለት ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አስቢው። ያን ቃል የሚናገሩት ደግሞ ለሳቁባቸው ልጆቻቸው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጨምረው ይሰጣሉ፤ ይቺ ሴት እውነተኛ ከሆነች የፊተኛው ብርም ኪሳራ አይደለማ። ኃፍረት ሰውን ወደሚያታልለው ሰው ነው የሚገፋው። ከዚያ በላዩ ፊልሙ ደረሳቸው። «ያንተው ታሪክ ነው» ስትያቸው ከዚያ ሁሉ ታሪክ የሰሙት የኪቲን ሳቅ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ሌላም አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ «ቤቱ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ መጥቷል። አባትሽ ማታ ማታ ምን እንደሚያደርጉ፣ ከማን ጋር እንደሚበሉ አንድም ቦታ የለም። ስለ እናትሽ የጻፍሽው ግማሽ መስመር ነው፤ «ወረቀት ስላልነበረኝ ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም» ብለሽ ወደ ብሩ ተመለስሽ። እህቴ፣ ይህን የምለው ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም። እናቱን ያልቀበረ ሰው በእናቱ ወንበር ላይ ሌላ ሴት ስትቀመጥ የሚሰማው ቁጣ ሁሉ ከብሩ የመጣ አይደለም። የተወሰነው ያልወጣ ለቅሶ ነው። ለዚህ እዚያው ባለሽበት ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብትነጋገሪ ደስ ይለኛል፤ በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ስለ ቤቱ መስጋትሽ ነውር የለውም። የእናትሽ ውርስ ካልተጣራ፣ እዚያ ያሉት ወንድሞችሽ ስለ ወራሽነት ማረጋገጫና ስለ ካርታው ጠበቃ ያማክሩ፤ ማንም ውክልና ሳያነብ እንዳይፈርም። ይህን ግን ለአባትሽ በግልጽ ነግረው ያድርጉት፤ ከጀርባ ከሆነ ሌላ ውርደት ነው።

ካፌው ድረስ ሄዶ ሴትዮዋን መሳደብ ወይም ሰው ልኮ ማስፈራራት ይቅር። ክሪስ ኪቲን ያገኛት ሰው ሲመታት በጃንጥላው ደርሶላት መሆኑን አትርሺ። እሷን ስታጠቁ ጃንጥላውን ለአባትሽ መልሳችሁ ታቀብላላችሁ።

በቅድሚያ አጭር የድምፅ መልእክት ላኪላቸው፦ «አባዬ፣ ፊልሙን መላኬ ልክ አልነበረም። ለፋሲካ መሳቃችንም ልክ አልነበረም። ይቅርታ አድርግልኝ።» ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል አትጨምሪ። ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ወር በሳምንት ሁለት ቀን ደውይ፤ ገንዘብ አታንሺ። ስለ ሥራ ዘመናቸው፣ ስለ እናትሽ ጠይቂያቸው። አንደኛው ወንድምሽም በአካል ሄዶ አብሯቸው ምሳ ይብላ። ስለ ብሩ ራሳቸው ካነሡ አትፍረጂ፤ «በመሥሪያ ቤት ወጪ በሁለት ፊርማ ይወጣ የለ፤ ለራስህስ ምን ዓይነት ደንብ ታወጣለህ?» በያቸው። ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ጥያቄ ሁሉ ሳምንት ይደር ቢሉ ጥሩ ጅምር ነው፤ የሚያጣድፍ ሰው ሳምንት መታገሥ ይቸግረዋል። ይሠራል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ደንቡን የሚያወጡት እሳቸው ከሆኑ ግን ዕድሉ የተሻለ ነው።

አንድ ነገር ለነገ እንዳታሳድሪ። ክሪስ መጨረሻ ላይ የሟቾቹ፣ የኪቲና በእሱ ፈንታ በሞት የተቀጣው ፍቅረኛዋ፣ ድምፅ እያሳደደው ራሱን ሊሰቅል ይሞክራል። በ1946 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሳንሱር ያገደው ፊልም ነው፤ ሚስቱን ለቀበረ ሰው ብቻውን እንዲያየው የሚላክ አልነበረም። እንቅልፍና ምግብ ከተዉ፣ ዕቃቸውን ማደል ከጀመሩ ወይም መኖር ሰለቸኝ ካሉ ወንድምሽ ያንኑ ቀን ይሂድ። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቃቸው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልባቸውም። አዎ ካሉ ብቻቸውን ሳይተዋቸው ወደ ሐኪም ይውሰዳቸው።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ላያነሡልሽ ይችላሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደግመሽ ደውይላቸው።