28 ቆርቆሮ ተገዝቶ ጣሪያው ለምን በግማሽ ቀረ?

ከጣርማበር ወረድ ብሎ ቤት እየሠራ ያለ አንድ ወንድማችን የጻፈልኝ ባጭሩ ይህ ነው። ቤቱ 8 በ6 ሜትር ነው። ክዳኑ ከግድግዳው በአራቱም በኩል ግማሽ ሜትር ይወጣል፤ ውሃው በሁለት ወገን ይፈሳል፤ አናቱ ከክዳኑ ጫፍ 1.20 ሜትር ከፍ ይላል። 2 ሜትር በ90 ሴንቲ የሆነ ቆርቆሮ 28 ገዛ። አንዱ ወገን ተመትቶ ሲያልቅ በእጁ የቀረው 4 ብቻ ሆነ። «ሱቁ የቆርቆሮውን ወርድ አጉድሎ ሸጠልኝ ወይስ ሠራተኞቹ ወሰዱብኝ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሰው ከመጠርጠርህ በፊት 28 የሚለውን ቁጥር ልብ በለው። 8 እና 6፣ እንደገና 8 እና 6 ሲደመር 28 ነው። የቤትህ ዙሪያ ማለት ነው። አንድ ሰው ቤቱን በሜትር ዞሮ «ለአንድ ሜትር አንድ ቆርቆሮ» ብሎ አስገዝቶሃል ብዬ እገምታለሁ። ለአንዱ ወገን 24 መሄዱም ግምቴን ያጠናክረዋል፤ ለዚያ ጣሪያ አንድ ወገን 24 ትክክለኛው ልክ ነው። የተሰረቀ ነገር የለም።

ዙሪያና ስፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን በደንብ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚሁ ላይ ነው። 28 ሜትር ገመድ ውሰድና ጫፍና ጫፉን ቋጥረህ ሜዳ ላይ በአራት ችካል ወጥረው። 8 በ6 ስታደርገው ውስጡ 48 ካሬ ነው። ችካሎቹን ነቅለህ 10 በ4 አድርገው፤ ገመዱ ያው ነው፣ ውስጡ ግን 40 ካሬ ሆነ። 12 በ2 ብታደርገው ወደ 24 ካሬ ይወርዳል፤ ከገመዱ አንድ ሴንቲ እንኳ ሳይቆረጥ ስፋቱ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። 7 በ7 ብታደርገው 49 ይሆናል፤ በአራት ማዕዘን ከዚህ በላይ አታገኝም። አሁን አራቱንም ችካል ንቀልና ገመዱን ክብ አድርገህ ዘርጋው። 28ን ለ3.14 ስታካፍል ከዳር እዳር ወደ 8.90 ይመጣል፤ የዚያን ግማሽ በራሱ አባዝተህ እንደገና በ3.14 ስታባዛው 62 ካሬ አካባቢ ይሆናል። መንዝ ያለውን ክብ የድንጋይ ቤት አስበው፤ በዚያው የግድግዳ ርዝመት ከማንኛውም ቅርጽ የበለጠ ቦታ የሚያቅፈው ክብ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ብቻ ለክቶ የቆርቆሮ፣ የሴራሚክ ወይም የቀለም ብዛት የሚነግርህን ሰው አትቀበለው።

ወደ ጣሪያህ ልመለስ። 48 ካሬ የወለሉ ስፋት ነው እንጂ የክዳኑ አይደለም። ክዳኑ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ስለሚወጣ 9 በ7 ሆኗል። የ7 ግማሽ 3.50፣ ከፍታው 1.20 ነው። 3.50 በራሱ ሲባዛ 12.25፣ 1.20 በራሱ ሲባዛ 1.44፤ ድምሩ 13.69፤ የዚያ ስኩዌር ሩት 3.70 ነው። ከአናት እስከ ጫፍ ያለው ተዳፋት 3.70 ሜትር ነው ማለት ነው። በሜትርህ ከካፕሪያታው (ክዳኑን ከሚሸከመው የእንጨት ማዋቀሪያ) ላይ ለክተህ አረጋግጥ። አንዱ ወገን 9 በ3.70፣ ሁለቱ አንድ ላይ 66.6 ካሬ ይሆናሉ።

ይህንን ለቆርቆሮው 1.8 ካሬ አካፍለህ 37 ብትገዛም ያጥርሃል፤ ድርቡን፣ ማለትም አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የሚደረብበትን፣ አልቆጠርክማ። ለአንተ አካባቢ ንፋስ በጎን ሁለት ሸንተረር (የቆርቆሮው ጉብታ) ይደረብ እላለሁ። ይህ 15 ሴንቲ ይበላል፤ የሚሸፍንልህ 75 ሴንቲ ነው። 9 ሜትር ለ0.75 ሲካፈል 12 ረድፍ ይሆናል። በቁመት 2 እና 2 ሜትር፣ 20 ሴንቲ ተደርቦ 3.80 ነው፤ 10 ሴንቲው ወደ አሸንዳው ይወጣል። 12 ረድፍ፣ በየረድፉ 2፣ በሁለት ወገን፦ 48 ቆርቆሮ። ከወለሉ 48 ካሬ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ እንደ ሕግ እንዳትይዘው። 20 ጨምረህ ግዛ።

ሠራተኛው «ድርቡን አንድ ሸንተረር እናድርገው፣ 11 ረድፍ ይበቃል» ካለህ እምቢ በል። ከ3000 ሜትር በላይ ባለ የተራራ መተላለፊያ ላይ የሚነፍስ ንፋስ ዝናቡን ከሥር ወደ ላይ ነው የሚገፋው። በዚያ መንገድ የተከደኑ ቤቶችን ስንት ጊዜ ፈታሁ! ኮርኒሱ በስብሶ፣ ማገሩ ጠቁሮ፣ ሚስማሩ ቦዩ ውስጥ ተመትቶ። ሚስማር ሸንተረሩ አናት ላይ ነው የሚመታው። ያለ ጎማ የሚሸጠውን ርካሽ ሚስማርም ተወው። ቆርቆሮውን ስትገዛ ጌጁን (የውፍረቱን ቁጥር) ራስህ እይ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል። 35ን እንደ 32 የሚሸጡ አሉ፤ በእጅህ ስታጥፈው ይለይልሃል። ወርዱም መጀመሪያ ከገዛኸው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ሱቁ በር ላይ ለካ።

አንድ ነገር አደራ፦ ንፋስ ሲነሳ ቆርቆሮ ይዘህ ጣሪያ ላይ እንዳትወጣ። ሥራውን ጠዋት፣ አየሩ ጸጥ ሲል ጨርሱ።

የሁለተኛውን ወገን ከመምታትህ በፊት ሰያፉን ለካ። ቤቱ 8 በ6 ከሆነ ከማዕዘን ማዕዘን ልክ 10 ሜትር መምጣት አለበት፤ የክዳኑ ወገን ደግሞ 9.73። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ማዕዘኑ ተዛንፏል፣ የመጨረሻው ረድፍም ጠማማ ይወጣል። በሁለቱ ጫፍ ያለውን ሦስት ማዕዘን ግድግዳ በቆርቆሮ የምትዘጋው ከሆነ መሠረቱን በከፍታው አባዝተህ ለሁለት አካፍል።

ዙሪያ የሚያስፈልግህ አሁን ነው። ለክዳኑ ጠርዝ ጣውላ የምትቆጥረው የቤቱን 28 ሳይሆን የክዳኑን ዙሪያ ነው፦ 9 እና 9፣ በተዳፋቱ አራት ጊዜ 3.70፤ 32.8 ሜትር። አሸንዳ በሁለቱ ውሃ በሚወርድባቸው ጎኖች ብቻ ነው፣ 18 ሜትር። ኮልሞው (አናቱን የሚሸፍነው ቆርቆሮ) 9 ሜትር ነው፤ ባለ 2 ሜትሩን 15 ሴንቲ እየደረብክ 5 ይበቃሃል። ኮልሞውን ለመምታት አናት ላይ መውጣት ግድ ነው፤ ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ ንፋስ ካለ ያን ቀን ተዉት። ማገር በሌለበት ቆርቆሮ ላይም አትርገጡ።