ስፓይናል (በአከርካሪ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ) የደም ግፊትን ሲጥል፣ ልብ ድካም ላለበት አረጋዊ ሁለተኛ ሊትር ፈሳሽ ይጨመራል?

አይጨመርም። ልብ ድካም ያለባቸው የ74 ዓመት አባት ለዳሌ ስብራት ስፓይናል ከተሰጣቸው በኋላ ግፊታቸው ወደ 80/45 ወርዶ፣ 1 ሊትር ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ቢገባላቸውም እንዳልተመለሰ በጥያቄዎ ጽፈዋል። ደም እየፈሰሳቸው ካልሆነ ግፊቱን የጣለው የፈሳሽ ማነስ ሳይሆን የደም ሥሮቻቸው መላላት ነውና፣ የሚያስፈልጋቸው ሥሮቹን መልሶ የሚያጠብብ መድኃኒት ነው።

1. የልብ ምታቸው ፈጣን ከሆነ ፌኒሌፍሪን ከ50 እስከ 100 ማይክሮግራም፣ ቀርፋፋ ከሆነ ኢፌድሪን 5 ሚሊግራም በደም ሥር ይስጡና ግፊቱን በየደቂቃው ይለኩ።

2. ፈሳሽ የግድ ነው ብለው ካመኑ 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ሰጥተው፣ ሳንባቸውን ከታች በኩል አዳምጠው ይወስኑ፤ ለውጥ ካላመጣ አይድገሙት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ስፓይናሉ ሲለቅ የላሉት ሥሮች መልሰው ይጠብባሉ፤ በቀዶ ጥገናው ወቅት የገባው ፈሳሽም ያን ጊዜ ወደ ልብ ይመለሳል፤ ደካማው ልብ ካልቻለው ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ከቀዶ ጥገና ክፍል በሰላም የወጡ አንዲት እናት፣ በማገገሚያ ክፍል እግራቸው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ በጀርባቸው መተኛት አቅቷቸው የአልጋውን ብረት ይዘው ቀና ለማለት ሲታገሉና ሲያስሉ ደርሼባቸዋለሁ። ስለዚህ ታካሚዎ እግራቸውን በደንብ እስኪያንቀሳቅሱና ትንፋሻቸው የተረጋጋ መሆኑን እርስዎ እስኪያዩ ድረስ የኦክስጅን መለኪያውን ከጣታቸው አያውልቁ።