ገመድ ወይስ ዋይፋይ? ሰርቪስ ቤት ውስጥ ለሚሠራው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ራውተሩ ሳሎን ሆኖ ሰርቪስ ቤት ያለው ክፍልህ ድረስ ዋይፋዩ አልመጣ ካለህ ከራውተሩ የኔትወርክ ገመድ ሳብ። የእኔ ግቢም እንዳንተው ነው፤ በመካከል የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ በር ተደቅኗል።

1. ኤክስቴንደር (የዋይፋይ ሞገድ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ለመግዛት አትቸኩል። ክፍልህ ውስጥ ብትሰካው የሚያባዛልህ ያንኑ ተዳክሞ የደረሰውን ሞገድ ነው። ርካሾቹ ደግሞ በተቀበሉበት ሞገድ መልሰው ስለሚልኩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል።

2. "5 ጊጋኸርዙን ተጠቀም" ለሚሉህ፦ ይህ የዋይፋይ ሞገድ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ግን ከሌላው፣ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ ያነሰ ነው።

3. ገመድ ስትገዛ ዓይንህን ግለጥ። እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው። ባለሱቁ "ንጹሕ መዳብ ነው" ብሎ ምሎ ተገዝቶ የመዳብ ዋጋ ተቀበለኝ። ዝርጋታው አልቆ ስሰካው ኮምፒውተሩ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ፍጥነት ማሳየት ሲገባው 100 ላይ ቆመ። ገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ለ100 አራቱ ይበቃሉ፣ ለ1000 ግን ስምንቱም መድረስ አለባቸው። አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ሳደርገው ከላይ ቀላ ያለ፣ ከውስጥ ነጭ! መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፤ ገና ጎንበስ ሲያደርጉት ቀጭ ይላል። ይዤ ብመለስ ሰውየው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሣ "የተቆረጠ አንመልስም፤ ደግሞስ ኢንተርኔቱ ይሠራልህ የለም እንዴ?" አለኝ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሱቁ ውስጥ፣ ባለሱቁ እያየ አንዱን ሽቦ ፋቀው። ጥቅልሉንም አንሣው፤ አሉሚኒየም ከሆነ ለመጠኑ ይቀልሃል።

ሁለተኛውን ገመድ ማንንም ሳልጠራ ራሴ ዘረጋሁት፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ከመብራት መስመር አርቄ። ጫፉ ላይ ስምንቱን ሽቦዎች በቀለማቸው ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ብለህ ትደረድራለህ፤ ሌላውም ጫፍ እንዲሁ። እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለውም፤ የማን ግቢ ነው ከዚያ የሚበልጠው? አሁን 1000 ያሳያል፤ ያ ባለሱቅ መጥቶ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር።

ለስልክህ ደግሞ ክፍልህ ውስጥ ዋይፋይ ከፈለግህ፣ አሮጌ ራውተር ካለህ ገመዱን "LAN" ከሚለው ቀዳዳው ሰካለትና ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) አጥፋው፤ የአይፒ አድራሻውንም (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከሳሎኑ ራውተር የተለየ አድርገው። በክረምት መብረቅ ሲያስፈራራ ግን ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው።