ጊዜያዊ የአስከሬን ማቆያ፦ ከማቀዝቀዣው በፊት መዝገቡ

ጠያቂያችን ያነሱት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ የኮምቦልቻ የድንገተኛ አደጋ እቅድ እየተከለሰ ነው፤ ብዙ ሰው ባንድ ቀን ቢሞት አስከሬኑ የት ይቆያል፣ ማቆያውንስ ማን ይፈቅዳል? አንድ አዳራሽና አንድ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ይበቃል ወይ?

አይበቃም። ሁለተኛ ኮንቴይነር ቢጨመርም አይበቃም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው እቅድ የሚፈርሰው ርክክብ ላይ ነው። የቆመ ጀነሬተር ይጠገናል። ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥቶ የተቀበረን ሰው ግን መልሶ ማግኘት መከራ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ስህተቱ ባንዴ ሁለት ቤት ያናጋል፤ ሙስሊሙ ቤተ ክርስቲያን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊም መቃብር ገብቶ ይገኛል። ስም አይቶ ሃይማኖት መለየት እኛ ዘንድ እንደማይሠራ ታውቃላችሁ፤ የአሊ ልጅ ቄስ፣ የገብሬ ልጅ ሐጂ የሆነበት ቤት ሞልቷል። ስለዚህ «የሙስሊም» እና «የክርስቲያን» ብሎ አስከሬን በስምና በልብስ አስቀድሞ መክፈል እቅዱ ውስጥ እንዳይገባ።

ፈቃዱን በተመለከተ እንግሊዝ አገር የሚሠራበት አንድ መለያ ይጠቅማችኋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕጋቸው መሠረት የአስከሬን ምርመራ የሚካሄድበት ቦታ ከተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በፈቃዱም ላይ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሰው ይኖራል። አስከሬን እስኪቀበር ብቻ የሚቆይበት ቦታ ግን ያ ፈቃድ አያስፈልገውም። እናንተም ሁለቱን ለዩ። አዳራሹ መቀበያ፣ መመዝገቢያና ማቆያ ይሁን፤ ምርመራው ሐኪሙና መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል ይካሄድ። ማቆያው የሚከፈተው በከንቲባው ፊርማ ነው ብላችሁ ጻፉ፤ የውስጥ ኃላፊው ግን «ኮሚቴው» ሳይሆን አንድ ሰው ከነተተኪው ይሁን። ቁልፉም መዝገቡም እሱ እጅ ይቀመጥ። ወንጀል የሚጠረጠርበት አደጋ ከሆነ ያለ መርማሪ ፖሊስ ፊርማ አስከሬን አይወጣም።

ቦታ ስትመርጡ ደሴንና ኮምቦልቻን በአንድ ማቆያ ለማገልገል አታስቡ። በመካከሉ ያለው የሐረጎ ተራራ መንገድ ነው፤ መሬት ቢንሸራተት ወይም ከባድ መኪና መንገዱ ላይ ቢገለበጥ የታሰበው ሁሉ እዚያው ይቆማል። ለየከተማው አንድ አንድ ቦታ ያዙ። ትምህርት ቤት አይመረጥ፤ ልጆቹን መልሶ ማስገባት ይከብዳል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ቧንቧ ያለው፣ በሩ የሚቆለፍ፣ መኪና በአንድ በር ገብቶ በሌላ የሚወጣበት መጋዘን ደህና ነው። የወለሉ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ እንዳይወርድ ቀድማችሁ እዩ። የቤተሰብ መጠበቂያው ማራገፊያው ከማይታይበት አቅጣጫ ይሁን።

አሁን ዋናው፣ ቁጥሩ። አስከሬን ቁጥር የሚያገኘው ማቆያው በር ላይ ሳይሆን የተገኘበት ቦታ ላይ ነው። ቁጥሩ ቦታውን፣ ያነሳውን ቡድንና ተራውን ይይዛል፦ «ሐረጎ–ቡድን ለ–014»። የቡድኑ ፊደል ከቀረ ሁለት ቡድን ሁለቱም ከ001 ይጀምርና ማታ ላይ ሁለት 014 ይገኛል። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። መለያው ሁለት ይሁን፤ አንዱ እጅ አንጓ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ሌላው ከረጢቱ ላይ። ከረጢቱ ላይ ብቻ ከታሰረ ከረጢት የተቀየረ ዕለት ሰውየው ቁጥር አልባ ሆነ ማለት ነው። በቢክ አትጻፉ፤ እርጥበት ያጠፋዋል። ፕላስቲክ ላይ በማይለቅ ማርከር ይሁን። የተለየ የአካል ክፍል የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ «የእሱ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ከሌላ አስከሬን ጋር አይቀመጥም።

ፎቶ በዚያው ሰዓት ይነሳል። በሞቃት አየር ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ፊት ከመለየት ያልፋል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ ይልቅ ትሞቃለች። ቢያንስ ሙሉ ቁመት ከፊት፣ ሙሉ ፊት እና ልዩ ምልክት ይነሳ፤ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይታይ። በእኛ አገር የአንገትና የድድ ንቅሳት፣ የቀዶ ሕክምና ጠባሳና የተነቀለ ጥርስ ብዙ ይናገራሉ። ማተብ አይበጠስም፤ ባለበት ይነሳል፣ ይመዘገባል። ካሜራው ሲም የሌለው አንድ ስልክ ይሁን፤ የሠራተኞች ስልክ በር ላይ ይቀመጥ። አለዚያ ቤተሰብ መርዶውን ከቴሌግራም ይሰማል።

በረድፍ ያስተኙትን አስከሬን ቤተሰብ እየዞረ እንዲፈልግ ማድረግ ይቅር። የደነገጠ ሰው የራሱን ወንድም አልፎ የሌላውን «እሱ ነው» ይላል። መጀመሪያ ፎቶ አሳዩ፤ ቀጥሎ ቤተሰቡ ሳያይ በፊት የተናገረው ምልክት ከመዝገቡ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ኪስ ውስጥ የተገኘ መታወቂያም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው የሌላ ሰው መታወቂያ ይይዛል። ዓይን የማይለየው ሲሆን ጊዜ ይፈጃል፦ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን ያለቁትን 157 ሰዎች በዲኤንኤ መለየት ወራት ወስዷል።

ኮንቴይነሩ። «እስከ 50 አስከሬን ይይዛል» የሚለው አኃዝ በየእቅዱ ይገለበጣል። ባለ 20 ጫማው ውስጡ 5.4 ሜትር በ2.3 ሜትር ገደማ ነው። መሐል መተላለፊያ ትታችሁ በግራና ቀኝ ባለ ሦስት ደርብ መደርደሪያ ብትሠሩ በየደርቡ አራት፣ ጠቅላላ 12 ሰው ነው። ከዚያ በላይ ማለት መነባበር ነው፤ ሲነባበር ፊት ይበላሻል፣ የታችኛውን ለማውጣትም ሁሉንም ማንሳት ይመጣል። ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይሁን፤ አይቀዝቅዝ ብዬ ሳይሆን በረዶ አይሁን፣ ቆዳን ያደርቃልና። መሣሪያው ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል። ጀነሬተር ስትመርጡ ከፍታው ጉልበቱን እንደሚቀንስ አስቡ፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ኃይል አትጠብቁ። ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ካሰባችሁ ለአንድ አስከሬን በቀን 10 ኪሎ ግድም ይፈጃል፤ ለ20 ሰው 200 ኪሎ፣ ያውም በየቀኑ። በአካል ላይ አይደረግም፣ በተዘጋ ክፍልም አይሆንም፤ ጋዙ ያፍናል። በየቀኑ የሚያቀርብ ሰው በእጃችሁ ከሌለ ከእቅዱ አውጡት።

ቅሬዎቹን፣ ማለትም የቀብር እድሮቹን፣ ከአደጋው በፊት ጥሩ። ጀናዛ በዕለቱ ይቀበር የሚለው ግፊት በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ይመጣል፤ ያኔ ከሽማግሌ ጋር መሟገት አያዋጣም። ከእያንዳንዱ ቅሬ አንድ ተወካይ መጠበቂያው ውስጥ ይቀመጥ፤ ቃሬዛ ይዞ የሚመጣውን ራሱ ያስረዳል። ቅደም ተከተሉን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፦ ቁጥር፣ ፎቶ፣ ምዝገባ፣ ከዚያ ትጥበትና ከፈን ወይም ግንዘት። ከምዝገባ በፊት የታጠበ አስከሬን ማስረጃውም አብሮ ታጥቧል። ማጠቢያ የሚሆን ጥግና ውኃ እዚያው አዘጋጁ፤ «ቤት ወስደን እንጠብ» የሚለው ጥያቄ በግማሽ ይቀንሳል። ሲወጣ ዘመዱ፣ ፖሊሱና መዝጋቢው ይፈርማሉ፤ ሰዓቱም ይጻፋል። የአካሉ መለያ እስከ መቃብር አይፈታ። የወሳኝ ኩነት መዝጋቢም እዚያው ይገኝ። ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው ቤተሰብ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጥፋቱ እንዲታወጅለት ለመጠየቅ ብቻ 2 ዓመት ይጠብቃል።

ኖራ መነስነስና ክሎሪን መርጨት ቢቀር ይሻላል። በመሬት መንሸራተት ወይም በመኪና አደጋ የሞተ ሰው ወረርሽኝ አያመጣም፤ ኖራም መበስበሱን አያፋጥንም። ለሠራተኛው ጓንት፣ ቦት ጫማና ሳሙና ይበቃዋል። ኮሌራ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የጤና ቢሮው መመሪያ ይቀድማል።

ወገን ያልተገኘለት አስከሬን ለየብቻ ይቀበር፤ ቢያንስ 1.5 ሜትር ጥልቀት፣ ከምንጭና ከወንዝ 200 ሜትር ርቆ፣ በመካከላቸው 40 ሳንቲሜትር ተትቶ፣ ሳይደረብ። ቁጥሩ መቃብሩ ላይም ንድፉ ላይም ይኑር፤ ከዓመት በኋላ ልጁ ሊመጣ ይችላል።

ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ኃላፊው ከነተተኪው ሆነው ይቁጠሩ፦ የገባ፣ የወጣ፣ ያለ። በአንድ እንኳ ከተለያየ፣ ልዩነቱ እስኪገኝ በሩ ይዘጋ፤ ደጅ የሚጠብቀውን ሕዝብም የቅሬው ተወካይ ያናግር።