ወንበር ከሌለው ቦታ፦ ስለ ኦርኬስትራ ጥያቄና መልስ

ሐምሌ ሲቃረብ ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች ስለ ፕሮምስ ትጠይቁኛላችሁ። ፕሮምስ እስከ እንቁጣጣሽ ሰሞን ድረስ በሮያል አልበርት ሆል የሚቀርብ ተከታታይ የክላሲካል ሙዚቃ ኮንሰርት ነው። የዘንድሮዎቹን ጥያቄዎች እነሆ።

«ኦርኬስትራ ለማየት እጓጓለሁ፤ ትኬቱ ግን ኪስ አይጎዳም?»

መቆም ከቻልሽ አይጎዳም። መድረኩ ፊት ያለው ሰፊ ቦታ ወንበር የለውም፤ የቋሚዎች ነው። ትኬቱ የሚሸጠው በዕለቱ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ዋጋው 8 ፓውንድ ነበር። ፕሮምስ በ1895 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲጀመርም ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ ጥሩ ሙዚቃን በርካሽ ለሁሉም ማሰማት። እኔ ወንበር ቢሰጡኝም እዚያው ነው የምቆመው። ከፊት ከቆምሽ የኦርኬስትራው መሪ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ሳይቀር ትሰሚያለሽ።

«ሱፍ ልልበስ?»

ጂንስ ይበቃል። ይልቅ ጫማህን አስብበት።

«ሳይጀምሩ ሁሉም በአንድ ላይ የሚንጫጩት ለምንድን ነው?»

እየቃኙ ነው። አዝማሪስ ማሲንቆውን ሳይቃኝ ይጀምራል? ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌሎቹ እሱን ይከተላሉ።

«የሚጨበጨበው መቼ ነው? ባለፈው ብቻዬን አጨብጭቤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።»

አይዞሽ፣ ምንም አላጠፋሽም። ሲምፎኒ፣ ማለትም ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ክፍል አለው፤ የዛሬ ልማድ የመጨረሻው እስኪያልቅ ዝም ማለት ነው። መሪው እጁን አውርዶ ወደ ሕዝቡ ሲዞር አጨብጭቢ። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ሞዛርት በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ፣ ሙዚቃው ገና ሳያልቅ ሕዝቡ እንዳጨበጨበለት በደስታ ነው የነገረው።

«ለጀማሪ አንድ ሥራ ይጠቁሙኝ።»

የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ። መክፈቻውን ሳታውቀው አትቀርም። ጆሮህን ግን ለ3ኛው ክፍል መጨረሻ አቆየው። ሙዚቃው እየሳሳ እየሳሳ ይሄድና ከበሮው በቀስታ ሲመታ ትሰማለህ፤ ልብ ምት ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀስ እያለ ያድግና፣ ምንም ሳይቋረጥ 4ኛው ክፍል ይፈነዳል። እስከዚያች ሰዓት ዝም ብለው የተቀመጡት 3 ትሮምቦኖች (ትልልቅ የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች) ድምፃቸውን የሚያሰሙት ያኔ ነው። ያለ ማይክ፣ ያለ ስፒከር። እኔ ከዚያ ወለል ላይ ቆሜ ስሰማው እንባዬ መጣ።