ጠመንጃው ራስህ የሞላኸውን ጥይት አልጎርስ ሲል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አሜሪካ ሆነህ 30-06 የሚባለውን የጠመንጃ ጥይት ለአደን ራስህ ሞልተሃል፤ የተተኮሰ ቀልሃ ላይ አዲስ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው)፣ ባሩድና አረር ገጥመህ ማለት ነው። የፋብሪካው ሰተት ብሎ ይገባል፣ ያንተው ግን መቀባበያውን ግማሽ ላይ ያስቆመዋል። «መታ መታ ላድርገው ወይስ ዳዩን ላጥብቀው?» ነው ያልከው። ዳይ ማለት ፕሬስ በሚባለው መጫኛ ላይ የሚታሰር፣ የተለጠጠ ቀልሃ ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልስ ብረት ነው።

መታ መታውን እርሳው። ባሩድና ፕራይመር የገባበትን ጥይት በጉልበት አይገፉትም። ቢዘጋልህ እንኳ ችግሩን ከእሳት ጋር አብረህ ዘጋህበት ማለት ነው። ዳዩ ላይ እንመጣለን።

እኔ አሁን ጅማ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። አሜሪካ ሳለሁ ግን ማሽን ሾፕ እየሠራሁ አጋዘን አደን እወጣ ነበር፣ ጥይቴንም ራሴ ነበር የምሞላው። እዚህ አገር ያላችሁ ደግሞ እንዳትሞክሩት። በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ ነው፣ ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን ለሁለት ክፈለው። ፕራይመርም ባሩድም አረርም የሌለው፣ በዳይ ያለፈ ባዶ ቀልሃ ወስደህ አጉርሰው። እሱም እምቢ ካለ ጥፋቱ ዳዩ ላይ ነው። ባዶው ገብቶ የተሞላው ብቻ ካስቸገረ፣ አረሩን ስታስገባ ነው ያበላሸኸው። ብዙ ሰው ይህችን ዘልሎ ሁሉንም መነካካት ይጀምራል፤ ከዚያ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ባዶው ካልገባ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ትከሻው ነው፤ ቀልሃው አረሩን ወደሚይዘው አንገት የሚጠብበት ቦታ። ቀልሃው ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ዳዩ ደግሞ መልሶ ይጨምቀዋል። ዳዩ ሳይወርድ በግማሽ ከቀረ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጎኑ ሲጨመቅ ብረቱ መሄጃ ስለሚያጣ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ስለዚህ ዳይ ያለፈው ቀልሃ ከተተኮሰው ይረዝማል! ካሊፐር ላይ የሚታሰር የትከሻ መለኪያ አለ፣ ግዛው። በራስህ ጠመንጃ የተተኮሰውንና በዳይ ያለፈውን ለካ። ለእንዳንተ ዓይነት በእጅ ለሚቀባበል ጠመንጃ ሁለተኛው ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ቢያጥር በቂ ነው። ከወረቀት ውፍረት ያነሰ ነው።

አሁን ዳዩን ስለማጥበቅ። የተለመደው ዳይ ጥርሱ በኢንች 14 ነው። አንድ ሙሉ ዙር 1.8 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል። አንተ የምትፈልገው 0.05 ከሆነ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምታዞረው። «ሩብ ዙር ጨምርበት» የሚሉህን አትስማ፤ ያ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ትከሻው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከሄደ ጥይቱ በደንብ ይገባል፣ ግን ሲተኮስ ቀልሃው ከታች በኩል እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ይበጠሳል። ትንሽ አዙር፣ ለካ፣ አጉርስ። በነገራችን ላይ ፕሬሱም ይለጠጣል። ቀልሃ ሳይኖር ዳዩ ቀልሃ መያዣውን ነክቶ ታያለህ፣ ቀልሃ ሲገባበት ግን በመሃላቸው ብርሃን ይታያል። ያኔ ነው ትከሻው የሚቀረው።

ዳዩ ልክ ሆኖም ካልገባ የአንገቱን ውስጥ ቅባት ቀብተኸዋል? አንገት የምታሰፋዋ ኳስ በደረቁ ስትወጣ ትከሻውን ይዛ ትጎትተዋለች። ይህን ስንቱ ሳያውቀው ዳይ ቀየረ።

የተሞላው ብቻ ከሆነ የሚያስቸግርህ ማርከር አምጣ። እዚህ የቡና መፈልፈያ ዘንግ ላይ ኩሽኔታ አልገባ ሲል ቀለም ቀብተን የት እንደሚፋቅ እናያለን፣ ያው ነው። ያለ ባሩድና ፕራይመር አንድ ጥይት ግጠምና ከአረሩ እስከ ታች ጥቁር ቀባው። በቀስታ አስገብተህ አውጣው። አረሩ ላይ ጭረት ካየህ አረሩ ረዝሟል፣ ወደ ውስጥ አስገባው። ለ30-06 ጠቅላላ ርዝመቱ ከ84.84 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ እንደ አረሩ ቅርጽ ከዚያም ማጠር ሊኖርበት ይችላል። ትከሻውና ጎኑ የሚገናኙበት ቦታ ከተፋቀ አረር ማስገቢያው ዳይ ከልክ በላይ ወርዶ አንገቱን አረሩ ላይ ሲያጣብቅ ትከሻውን አሳብጦታል። እብጠቱ በዓይን ላይታይ ይችላል። ዳዩን ከፍ አድርገህ ማጣበቁን ተወው፤ ለአደን ጠመንጃ ብዙም አያስፈልግም። ከታች ወደ መቀመጫው አካባቢ ከተፋቀ ግን ቀልሃው ምናልባት በሌላ ሰው ጠመንጃ የተተኮሰ ነው።

የቀልሃውንም ርዝመት ለካ። ከ63.35 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይከርከም። ረጅም ቀልሃ አፉ መጉረሻው ጫፍ ላይ ተጋጭቶ አረሩን ያንቀዋል፣ ግፊቱም ይንራል። ይህ ከመጨናነቅም የባሰ ነው። ፕራይመሩ ወደ ውጭ የወጣም እንዳይሆን በጣትህ ዳስሰው።

ቀድመህ የሞላሃቸውን መልሰህ ዳይ ውስጥ እንዳታስገባ። አረር መንቀያ መዶሻ ርካሽ ነው፣ በሱ ፍታቸው።

(ለወጣቶቹ፦ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የያዘው ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው ይኸው ጥይት ነው። አሜሪካኖች በ1906 የተቀበሉት ስለሆነ ነው 06 የተባለው።)

ባዶው ቀልሃ መግባት አለመግባቱን፣ ሁለቱን የትከሻ ልኬቶችና ማርከሩ የተፋቀበትን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ።