የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሲንጀር የልጅ ልጅ

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ እየሰፋሁ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ከአባቴ በወረስኩት የእግር መኪና ላይ «ሲንጀር» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ደንበኛዬ የሆኑ አንድ መምህር የዚህ ሰው የልጅ ልጅ የፈረንሳይ መሳፍንት ወገን እንደነበረች አጫወቱኝ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ገንዘቡስ ምን ላይ ዋለ?
ልብስ ሰፊው፣ ከሐረር

መልስ፦ መምህሩ ያጫወቱዎት እውነት ነው። አይዛክ ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና እጅግ የተስፋፋው፣ ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ ዋጋው በየጊዜው እየተከፈለ የሚሸጥበትን መንገድ ካስጀመረ በኋላ ነበር። ሲንጀር በ1875 በእንግሊዝ አገር ሲሞት ከተለያዩ እናቶች የወለዳቸው ከ20 የሚበልጡ ልጆች ነበሩት፤ ከእነርሱ አንዷ ኢዛቤል ብላንሽ ፈረንሳዊውን መስፍን ዱክ ደካዝን አገባች። በዚያ ዘመን ማዕረግ እያላቸው ገንዘብ ያጠራቸው የአውሮፓ መኳንንት ከአሜሪካ ባለጸጎች ጋር መጋባታቸው የተለመደ ነበር።

የጠየቁላት የልጅ ልጅ፣ የኢዛቤል ልጅ ዴዚ፣ በ1890 በፓሪስ ተወለደች። እናቷ በ1896 ስለሞተች በአብዛኛው ያሳደገቻት አክስቷ ዊናሬታ፣ የፖሊኛክ ልዕልት ናት፤ ይህች ሴት በድርሻዋ እንደ ስትራቪንስኪና ሳቲ ያሉ የሙዚቃ ደራሲዎችን አዲስ ሥራ ታስደርስ ነበርና፣ በእኔ ግምት ከወራሾቹ ሁሉ ገንዘቡን ቁም ነገር ላይ ያዋለችው እርሷ ናት። የአባትየው ማዕረግ ለዴዚ ወንድም ተላለፈ። ዴዚ በ1910 ልዑል ዣን ደ ብሮይን አግብታ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ እርሱ በ1918 ሲሞት፣ በተከታዩ ዓመት የዊንስተን ቸርችል ዘመድ የሆነውን ሬጂናልድ ፌሎውስን አገባች።

የዴዚ ገንዘብ በብዛት የዋለው በልብስና በጌጥ ላይ ነው። በ1936 ጌጣጌጥ ሠሪው ካርቲዬ ቅጠል መስለው የተቀረጹ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የከበሩ ድንጋዮች ያሉበት የአንገት ጌጥ ሠራላት። የልብስ ንድፍ አውጪዋ ኤልሳ ስኪያፓሬሊ በሠዓሊው ዳሊ ሐሳብ ያዘጋጀችውን፣ ተረከዙ ወደ ላይ የቆመ የሴት ጫማ የሚመስል ባርኔጣም በድፍረት ደፍታ ታይታለች። ለባለሙያ ይበልጥ የሚገርመው ግን፣ በመኪና ስፌት ሀብት ያደገችው ሴት የምትለብሰው የፓሪስ ታላላቅ ልብስ ቤቶች ሥራ በአብዛኛው በእጅ የሚሰፋ መሆኑ ነው። በ1962 በፓሪስ አረፈች።